ዳቦ የሚደብቅ ልጅ ሌባ አይደለም
ጉዳት የደረሰባቸውን ልጆች ስለ ማሳደግ



በዚህ ዓምድ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ሕጻናት አመጋገብ ብዙ ስንነጋገር ቆይተናል። የዛሬው ርዕሳችን ግን ከራሴ ስሕተት ይጀምራል።

አንድ ቀን ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር አንዲት እኅታችን «እባክሽ አንድ ነገር ላማክርሽ» ብላ አስቆመችኝ። የሟች ወንድሟን ልጅ ከዳባት በኩል አምጥታ ማሳደግ ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። «ከመሶብ ዳቦ እያነሳ ፍራሽ ሥር ይደብቃል፤ ጠግቦ ተነስቶ እንኳ ይደብቃል፤ አይበላውም፣ እዚያው ይሻግታል። ሌሊት ይሸናል። ሲጠሩት አይሰማም፤ በር ሲጋጭ ግን አልጋ ሥር ይገባል። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሌብነት ሥር ሳይሰድ በአለንጋ ይታረም ይላል። መድረሳም ልቡ ደንድኗል፣ አንድ አያ መያዝ አቅቶታል አሉኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?» አለችኝ።

እኔም ለመሄድ እየቸኮልኩ ስለ ነበር «መሶቡን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ልጁንም ቆጣ በሉት። ልጅ ካልተቀጣ በምን ይታረማል?» ብያት መንገዴን ቀጠልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ተገናኘን። ምክሬ በሥራ ላይ ውሏል። መሶቡ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፤ ልጁም ሁለት ጊዜ ተገርፏል። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መብላት ትቷል። አንድ ምሽት ጠፍቶ ሲፈለግ ከቆየ በኋላ ከዒሻእ ሶላት የወጡ ሰዎች መስጊዱ ጓሮ፣ ጫማ ማውለቂያው አጠገብ ተኮራምቶ አገኙት። በእጁ ግማሽ ዳቦ ይዟል።

ይህን የምጽፈው ያንን ምክሬን ለማረም ነው። እንደ እኔ ቸኩሎ የሚመክር ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ ልጅ ያለ ልጅም በየቤታችን ብዙ ነው።

ልጆቻችን ምን አይተዋል?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ያደገ ልጅ ብዙ አይቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጦርነት እስከ አዲ አርቃይ፣ ደባርቅና ዳባት ድረስ ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሲቪሎች ተገድለዋል። ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ደባርቅና ጎንደር ገብቷል።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት፣ በሸኽ ከማል ለጋስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በጎንደር ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት በሰጡት መግለጫ ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን፣ ከ100 በላይ መቁሰላቸውንና መስጊዶች መቃጠላቸውን ገልጸዋል። ያን ቀን ጀናዛ ሊሸኝ የወጣ አባቱን ሳያገኝ የቀረ ልጅ አለ።

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቅ ገባ። ገብሱና ባቄላው ሳያፈራ ቀረ፤ ከብቱ አለቀ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። እገታ የሚለውን ቃል ልጆቻችን ከፊደል እኩል ተምረውታል።

ይህን የምዘረዝረው ቁስል ለመቀስቀስ ወይም ጎረቤትን ከጎረቤት ለማቃቃር አይደለም። የጭና ልጅም የአዲስ ዓለም ልጅም ሌሊት የሚባንነው በአንድ ዓይነት ፍርሃት ነው። ነገሩን የማነሳው ልጁን ከመገሠጻችን በፊት «ምን ሆኖ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። እኔ ለእኅታችን ያልጠየቅኋት ጥያቄ ይህ ነበር። ኋላ ስጠይቃት፣ ልጁ አባቱ ከሞተ በኋላ ከእናቱ ጋር ሲሸሽ ለቀናት ምግብ ያላገኘ መሆኑን ነገረችኝ። እናቱ ያገኘቻትን ቂጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በትንሽ በትንሹ ትሰጠው ነበር። እርሷም ብዙ ሳትቆይ በሕመም ሞተች። እንግዲህ ይህ ልጅ ዳቦ መደበቅን የተማረው ከሌባ ሳይሆን ከእናቱ ነው።

በፍርሃት ውስጥ ያለ ልጅ አካሉ ምን ይሆናል?

በአንጎላችን ውስጥ አደጋን የሚጠብቅ ትንሽ ክፍል አለ፤ ባለሙያዎች አሚግዳላ ይሉታል። ሥራው እንደ ዘበኛ ነው። አደጋ ሲመጣ ደወሉን ይደውላል፤ ሰውነትም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ቅመሞች ይረጫል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የሆድ ሥራ ይቀዘቅዛል። ይህ አላህ ለጥበቃ የሰጠን ጸጋ ነው። አደጋው ሲያልፍ ዘበኛው ያርፋል።

ተደጋጋሚ ሽብር ያየ ልጅ ግን ዘበኛው ማረፍ ያቅተዋል። የቆርቆሮ በር ሲጋጭ፣ የሰርግ ተኩስ ሲሰማ፣ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ደወሉ ይደውላል። ያን ጊዜ ልጁ ከሦስት አንዱን ያደርጋል፤ ይጋደላል፣ ይሸሻል ወይም ይደርቃል። የሚጋደለውን «ባለጌ» እንለዋለን። የሚሸሸውን «ዱርዬ» እንለዋለን። የሚደርቀውን ደግሞ «ልቡ የደነደነ» እንለዋለን። ሦስቱም ግን የፈሩ ልጆች ናቸው።

አያ መያዝ ያቃተውም ለዚህ ነው። አእምሮው በሩን እየጠበቀ ያለ ልጅ ሉሑ ላይ ያለውን መያዝ ይቸገራል። ሆዴን አመመኝ የሚለው፣ ምግብ የሚዘጋው ወይም ያለ ልክ የሚበላው፣ ከለመደ በኋላ እንደ ገና ሌሊት መሽናት የሚጀምረውም በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

በሌላ በኩል ክፉ ነገር ያየ ልጅ ሁሉ ተጎድቶ ይቀራል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ያገግማሉ። ለማገገም ከሚረዷቸው ነገሮች ዋነኛው በየቀኑ የማይለወጥ፣ የማይጮህ፣ የማይጥላቸው አንድ ትልቅ ሰው ማግኘታቸው ነው።

«እኛም በዱላ ነው ያደግነው»

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን?» ይባላል። መልሱ ይኸው ነው፤ እኛ ስንገረፍ የምንሸሸግበት የእናት ነጠላ ነበር። አባት ቢቆጣ አያት ታስታርቃለች። ማታ ሁሉም በአንድ ገበታ ይበላል። ይህ ልጅ ግን የሚሸሸግበት ነጠላ የለውም። የሚመታው እጅና የሚያጎርሰው እጅ አንድ ሲሆንበት የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም።

ሌላው መልስ ከዲን ይመጣል። ልጅ በሰባት ዓመቱ በሶላት እንዲታዘዝ፣ በአሥር ዓመቱ ደግሞ እንዲቀጣ የተነገረው ሐዲስ ይጠቀሳል። የብይኑን ዝርዝር ዓሊሞቻችንን መጠየቅ ይገባል፤ እኔ የምናገረው በጤና በኩል ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሐዲሱ ራሱ ከሰባት እስከ አሥር ሦስት ሙሉ ዓመት የማስተማሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ ዑለማዎችም የማያቆስል፣ ፊትን የማይነካ፣ በንዴት ያልሆነ ብለው ጥብቅ ገደብ አኑረውበታል። በቁጣ የሚወርድ አለንጋ እዚያ ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ነገሩ የተነገረው እያወቀ ስለሚያጓድል ልጅ ነው። ፍርሃት አለመታዘዝ አይደለም። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ለምን ተንቀጠቀጥክ ብሎ የሚገርፍ አባት አለን?

የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት እንመልከት። አባታቸው የሞቱት ሳይወለዱ ነው። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና፣ በስምንት ዓመታቸው አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ሞቱ። ከዚያ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ናቸው። ማለትም እርሳቸውም በዘመድ ቤት ያደጉ የቲም ነበሩ። በሱረቱ አድ-ዱሓ አላህ ይህንኑ ካስታወሳቸው በኋላ የቲምን ማስጨነቅን ከልክሏል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ነብዩ በእጃቸው ሴትንም ሆነ አገልጋይን መትተው እንደማያውቁ ተናግረዋል።

አንድ ሕጻን ልጅ ትንሽ ወፉ ሞታበት አዝኖ ሲያገኙት ስለ ወፉ እየጠየቁ አጫውተውታል። ልጁ አቡ ዑመይር ይባላል። «ወፍ ነች፣ ምን ያስለቅስሃል?» አላሉትም።

ከኸዲጃ (ረ.ዐ) የምንማረው

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያው ወሕይ በሒራ ዋሻ በመጣላቸው ጊዜ እየተንቀጠቀጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እንዲሸፍኗቸውም ጠየቁ። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ምን አደረጉ? በመጀመሪያ ሸፈኗቸው። ድንጋጤው እስኪለቃቸው ድረስ የጥያቄ ናዳ አላወረዱባቸውም። ቀጥለው ነገሩን ሰሙ። ከዚያ አላህ እንደማያዋርዳቸው ነግረው መልካም ሥራቸውን አንድ በአንድ አስታወሷቸው። በመጨረሻም የሚያውቅ ሰው ዘንድ፣ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል፣ ይዘዋቸው ሄዱ።

ዛሬ በውጭው ዓለም አሳዳጊ ቤተሰቦች የሚሠለጥኑበት «ፈዋሽ አስተዳደግ» ልንለው የምንችል ዘዴ አለ። ቅደም ተከተሉ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ ልጁን ማረጋጋት፣ ቀጥሎ ማዳመጥ፣ ከዚያ መልካምነቱን ማስታወስና ማስተማር፣ ሲያስፈልግ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳን ሂውዝ ለአሳዳጊዎች አራት ነገር ይመክራሉ፤ ተጫዋች መሆንን፣ ልጁን እንዳለ መቀበልን፣ ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ ከልብ ለማወቅ መፈለግን፣ ርኅራኄን። ይህ ማለት ጥፋትን ዝም ብሎ ማለፍ አይደለም። ድንበር ይኖራል። «እኅትህን መምታት አይቻልም» ይባላል። ነገር ግን ድንበሩ የሚነገረው ልጁ ከተረጋጋ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ነው።

በገበታ ዙሪያ

ይህ የአመጋገብ ዓምድ ነውና ስለ ምግብ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንነጋገር። ተርቦ ለሚያውቅ ልጅ ምግብ ሆድ መሙያ ብቻ አይደለም፤ «ነገም በሕይወት እኖራለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄው መልስ ነው።

ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) አባቱን አቡ ሰለማን ያጣው በልጅነቱ ነው። አባቱ በኡሑድ ዘመቻ ካገኛቸው ቁስል በኋላ ሞቱ። እናቱ ኡሙ ሰለማ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያገቡ ልጁ በእርሳቸው ቤት አደገ። ሲመገቡ እጁ በገበታው ዙሪያ ወዲያና ወዲህ ይል እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ነብዩ አልመቱትም፤ ገበታውንም አላራቁበትም። ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ ካለው እንዲያነሳ በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። እርሱም ከዚያ ወዲህ አበላሉ እንደዚያው እንደ ሆነ ተናግሯል። የቲም ልጅና ገበታ በአንድ ላይ የተነሱበት ይህ ታሪክ እጃችን ላይ እያለ እኔ መሶቡን ከፍ አድርጊ ብዬ መከርኩ!

ምግብና ፍቅር ተለያይተው እንደማይሠሩ ሕክምናውም ይናገራል። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን 129 የቀነጨሩ ሕጻናት ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ የዱቄት ወተት ተሰጠ። ለአንዳንዶቹ አንዲት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄደች እናትየው ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት አሳየች። ለሌሎቹ ሁለቱም ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወተቱም ጨዋታውም ለብቻቸው የልጆቹን አእምሮ ሲያሻሽሉ ተገኙ፤ ሁለቱን ያገኙት ደግሞ በለጡ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና ካስቀመጣቸው አሥር እርምጃዎች ዘጠነኛው ልጁን ማጫወትና ስሜቱን መደገፍ ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1ኛ. የምግብ ሰዓት አይዛነፍ። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስና እራት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይቅረቡ። ምግቡ ሽሮና ቂጣ ቢሆንም ሰዓቱ ይጠበቅ። ልጁን የሚያረጋጋው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን መምጣቱን ማወቁ ነው። «ከመግሪብ በኋላ እንበላለን» ብሎ ቀድሞ መንገርም ይጠቅማል።

2ኛ. ለልጁ የራሱ ምግብ ይኑረው። በትንሽ አገልግል ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ ወይም ዳቦ ቆሎ ይቀመጥለት። «ይህ የአንተ ነው፤ በፈለግኸው ሰዓት ሳትጠይቅ ውሰድ። ሲያልቅ እንሞላዋለን» ይባል። ቃሉም ይጠበቅ። የተደበቀ ዳቦ ሲገኝ ያለ ጩኸት የሻገተውን አንስቶ በአዲስ መተካት ነው።

3ኛ. ምግብ መቅጫ አይሁን። «ካጠፋህ እራት የለህም» የሚለው ቃል ረሃብ ላየ ልጅ ከአለንጋ ይከፋል።

4ኛ. አብሮ መብላት፣ ማጉረስም። ጉርሻችን ትልቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሰው መንካት የሚያስፈራው ልጅ አለና በግድ አይጉረስ። በመጀመሪያ ከጎኑ መቀመጥ ይበቃል። ከጊዜ በኋላ ራሱ አፉን ይከፍታል።

5ኛ. ገበታውን ማበልጸግ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ልጅ ለደም ማነስና ለሌሎች እጥረቶች ይጋለጣል። ሽሮው ላይ ጎመን መጨመር፣ እንቁላል ሲገኝ ለልጁ ማስቀደም፣ የገብስ በሶና አጥሚት ከወተት ጋር መስጠት፣ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም በአቅማችን ያሉ ነገሮች ናቸው።

6ኛ. ረመዷንን ማሰብ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታ የለበትም። ረሃብ ያየን ልጅ ለማለማመድ ብሎ ማስራብ የድሮውን ፍርሃት ሊቀሰቅስ ይችላል። ይልቅ ለስሑር ሲነሳ አብሮ ይቅመስ፣ የኢፍጣሩን ተምር እርሱ ያድል። የሚያድል ልጅ ምግብ እንዳለ በእጁ ያረጋግጣል።

ሌሊት፣ ድምፅና እውነት

ሌሊት የሚሸና ልጅ ሆን ብሎ አይሸናም። በእኅቶቹና በወንድሞቹ ፊት ማሳፈር፣ ፍራሹን ለሰው በሚታይበት ማስጣት፣ ውሃ መከልከል ነገሩን ያብሳል። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት መውሰድ፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ ጧት ያለ ወሬ ማጠብ በቂ ነው። የመኝታ ሥርዓትም ይኑር፤ መታጠብ፣ የመኝታ ዱዓ አብሮ ማለት፣ ትንሽ መብራት መተው። በየሌሊቱ ያንኑ ዱዓ በዚያው ድምፅ የሚሰማ ልጅ ይረጋጋል።

ሲባንን «ምንም የለም፣ ተኛ» ከማለት «ፈራህ አይደል? እኔ እዚህ ነኝ። አሁን ያለነው ቤታችን ነው» ማለት ይሻላል። ሰርግ ካለና ተኩስ ከተጠበቀ ቀድሞ መንገር፣ ሲሆንም እጁን መያዝ ነው።

እውነትን መንገርም አለብን። በባህላችን መርዶን ከልጅ እንደብቃለን። «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» እንላለን። ልጁ ግን የትልልቆቹን ሹክሹክታ ይሰማል፤ አባቱ የጣለውም ይመስለዋል። ዕድሜው በሚፈቅደው መጠን አጭርና እውነተኛ ቃል ይነገረው። «አባትህ ሞቷል፤ ወደ አላህ ተመልሷል። ጥፋቱ የአንተ አይደለም። ዱዓ እናድርግለት» ይባል። ብዙ ልጆች ሞቱ በእነርሱ ጥፋት የመጣ ይመስላቸዋልና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር አይዘለል። ሸሪዓችንም ልጁ በወላጅ አባቱ ስም እንዲጠራ ያዝዛል፤ ይህ ትልቅ ጥበብ አለበት። የአባቱን ስም የሚያነሳለትና መልካምነቱን የሚነግረው አሳዳጊ ልጁን ከሥሩ አይነቅለውም።

ዱዓም ሕክምናም

«ጂን ይዞት ነው» የሚባል ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ቁርኣን ይቀራበት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ ሺፋእ ከአላህ ነው። ነገር ግን ጂን እናወጣለን ብሎ ልጅን መደብደብ፣ ማሰርና በጭስ ማፈን ከሩቅያ አይደለም፤ የልጁንም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን እንድንፈልግ አዝዘዋልና አንዱን ይዘን ሌላውን አንጣል።

የሚከተሉት ሲታዩ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቶቹ ከወር በላይ ቀጥለው መማርና መጫወት ሲከለክሉት፣ ምግብ ሲዘጋ ወይም ሲከሳ፣ ይናገር የነበረ ልጅ ንግግር ሲያቆም፣ ራሱን ሲጎዳ፣ መሞት እፈልጋለሁ ሲል፣ ሲጥለውና ሲንቀጠቀጥ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕጻን የክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነውና የዚያኑ ቀን ይወሰድ። ጎንደር ላለን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በገጠር ላሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የመጀመሪያዋ በር ናት። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ እብደት አይደለም፤ እግሩ የተሰበረ ልጅ ወጌሻ ዘንድ ሲወሰድ ማን ያፍራል?

ስለ አሳዳጊዋ

የሚረሳ ሰው አለ፤ አሳዳጊዋ ናት። የአዲስ ዓለሟ እኅታችን የራሷ ሦስት ልጆች አሏት፤ ወንድሟንም አጥታለች። ሐዘንተኛ ሆና ሐዘንተኛ ታሳድጋለች። ትዕግሥቷ የሚያልቅበት ቀን አለ። ያን ቀን ልጁን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥታ ትንሽ ወጣ ማለት፣ ውዱእ ማድረግ፣ መተኛትም ኃጢአት አይደለም። ጮኻ ከሆነ ተመልሳ «አስደነገጥኩህ፣ ይቅርታ» ትበለው። ይህ ክብሯን አይቀንስም። ሰው ተቆጥቶ እንደሚታረቅ ልጁ ከዚህ ይማራል።

ለመስጊዶቻችንና ለመድረሳዎቻችን

በበኩሌ ለጀማዓችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አለንጋው ከመድረሳ ይውጣ። ይህ የጤና ምክር ብቻ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕጻናት ማሳደጊያዎች ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ያልያዘውን አያ ነገ ይይዘዋል፤ ቁርኣንን ከሕመም ጋር አያይዞ ያደገ ልጅ ግን መቼ ይመለሳል?

ሁለተኛ፣ ለየቲሞች የምንሰበስበው ገንዘብ በመጀመሪያ ለዘመድ ቤት ይሁን። ሩማንያ ውስጥ በቡካሬስት በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረ ጥናት ከማሳደጊያ ተቋም ወጥተው ቤተሰብ ውስጥ የገቡ ሕጻናት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፣ ተቋም ውስጥ ከቀሩት በአእምሮም በስሜትም የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ትልቅ ሕንጻ ከመሥራት አክስቲቱን በጤፍና በዘይት መደገፍ ይበልጣል። ዘመድ ያጣ ልጅ ካለም በጎረቤት ቤት ይደግ።

ሦስተኛ፣ ኢማሞቻችን በኹጥባ ያንሱት። አባቶች ከባለሙያ ምክር ይልቅ ከሚንበር የሰሙትን ይይዛሉ።

ወደ ልጁ ልመልሳችሁ። እኅታችንን ይቅርታ ጠይቄ ምክሬን ቀየርኩ። መሶቡ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለልጁ ትንሽ አገልግል ተገዛለት። ባለቤቷም፣ ያ አለንጋ ያነሳ ሰው፣ ማታ ማታ ከጎኑ እየተቀመጠ ቆሎ ይቆረጥም ጀመር። ብዙም አያወሩም ነበር። ለሳምንታት ዳቦው ፍራሽ ሥር መገኘቱ አልቀረም። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ አገልግሉን ከፍቶ ለቤቱ ትንሿ ልጅ ቆሎ ሲዘግንላት አየችው።

አሁንም አልፎ አልፎ ሌሊት ይሸናል። አሁንም በር ሲጋጭ ይደነግጣል፤ ነገር ግን የሚሮጠው አልጋ ሥር ሳይሆን ወደ እርሷ ነው። ሱረቱል ፋቲሓን ጨርሶ አጭር ሱራዎችን ጀምሯል።

የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ምን ያህል ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደሚቀርብ በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተዋል። ያ ቅርበት በአንድ ሳህን ምግብ ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም፤ የፈራን ልጅ በመታገሥም ጭምር ነው። አላህ የልጆቻችንን ልብ ያረጋጋ፤ ለአሳዳጊዎቻቸውም ሰብርን ይስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።